ውስጡ ከውጪው የሚሰፋ ቤት

ጋሽ አስናቀ ማረፋቸውን የሰማሁት በተቀበሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የደወለልኝ መተማ ሳለሁ የማውቀው የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር። የዚያ አገር ስልክ አንዴ የእኛን አንዴ የሱዳንን መስመር እየያዘ ስለሚቆራረጥ፣ ከንግግሩ የሰማሁት «አስናቀ» የሚለውን ስምና «ፍላሽ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ሰውዬው እንደ ልማዳቸው ፍላሽ ጥለው የት እንዳስቀመጡት ሊጠይቁኝ ያስደወሉ መሰለኝ። «ክፍል ልገባ ነው፣ እመለስልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁበት። ከሰዓት በኋላ ስደውል ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰውዬው እኮ የሉም መምህር። ፍላሹን ለሱ ስጥልኝ ብለው ነው የተዉት» አለኝ።

ወዲያው አላለቀስኩም። ያን ሰሞን ፈተና ሳርም ከርሜ ድክም ብሎኝ ነበርና ቁጭ ብዬ ግድግዳ አየሁ። ከዚያ ሳላስበው ጠረጴዛዬን በመሃል ጣቴ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረግሁት። ጋሽ አስናቀ በር ሲያንኳኩ እንደዚያ ነበር። የትኛውንም በር ሳያንኳኩ አይገቡም። ባዶ መሆኑን የሚያውቁት ቢሮ ይሁን ሰባ ተማሪ የሚንጫጫበት ክፍል፣ አንኳኩተው «ይግቡ» እስኪባሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ተማሪዎቹ ይስቁባቸው ነበር። እኔም ስቄባቸዋለሁ።

መተማ የተመደብኩት ኮምፒውተር ላስተምር ነበር። ኮምፒውተሮቹ አሥራ አንድ፣ የሚሠሩት አራት፣ መብራቱ ደግሞ ደስ ሲለው የሚመጣ። ከጎጃም ደጋ ወርጄ ያንን ሙቀት ስቀምስ የሆነ ሰው ቂም ይዞብኝ የላከኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። መምህራን ክፍል አጠገቤ የሚቀመጡት ረጅም ቀጭን ሰው፣ በዚያ ሐሩር ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ «ላየው?» ብለው ተቀበሉኝና ሁለት የፊደል ስሕተት አርመው መለሱልኝ። «እንደዚህ ሆኖ ቢሄድ አስተማሪ መሆንህንም ይጠራጠራሉ» አሉኝ። ሥዕልና ኅብረተሰብ የሚያስተምሩት ጋሽ አስናቀ እኚህ ነበሩ። ማመልከቻው መልስ ያገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ተማሪ ነበሩ። ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በየክረምቱ ጎንደር ወጥተው ይማራሉ። ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ወንበር ተጋርተው፣ እንደነሱ ፈተና ተፈትነው፣ መስከረም ሲጠባ ተመልሰው ይወርዳሉ። «መቼ ነው የሚመረቁት ጋሼ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እደርሳለሁ» ይላሉ። ለደወልም፣ ለስብሰባም፣ ለደመወዝ ሰልፍም «እደርሳለሁ» ነበር የሚሉት። እውነትም ሁልጊዜ ይደርሳሉ፤ ሁልጊዜም ሌላው ሰው ሁሉ ከደረሰ በኋላ።

የመመረቂያ ሥራቸው ርእስ የጠፉ ጥንታዊ ቤቶችን በኮምፒውተር መልሶ ማቆም ነበር። ርእሱን የሰጧቸው አማካሪያቸው መስለውኝ ሳዝንላቸው፣ ራሳቸው የመረጡት ሆኖ ተገኘ። መተማ ውስጥ «ሰገነት» የሚባል ሰፈር አለ። የባጃጅ ልጆች ቀኑን ሙሉ «ሰገነት! ሰገነት!» እያሉ ሲጠሩ ይውላሉ፤ ወርደህ ብታይ ግን ያለው አንድ የጎማ መለጠፊያና ሁለት የኒም ዛፍ ነው። ድሮ አንድ የሙጫ ነጋዴ ያሠራው፣ ከፊቱ የእንጨት ሰገነት የወጣለት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር አሉ። አንድ ክረምት ግማሹ ወደቀ፤ የቀረውን ሰው እየነቀለ ወሰደው። ጋሽ አስናቀ ከጭልጋ ወርደው መተማ ሲቀጠሩ ቤቱ ከጠፋ ቆይቷል። ባላዩት ቤት ለምን እንደዚያ እንደሚንገበገቡ አልገባኝም፤ ጠይቄያቸውም «ስሙ ካለ ቤቱም ሊኖር ይገባል» ነበር ያሉኝ።

እኔ የገባሁበት ኮምፒውተሩን ላሳያቸው ነው። በኋላ ግን በየሰፈሩ ሲዞሩ ሜትር ያዥ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ሰገነት ሰፈር ደጃፏ ላይ ለመጠጥ የሚዘፈዘፈውን ቀዩን አበባ፣ ከርከዴ ስትለቅም የነበረች ሴት ዘንድ ቀርበው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እዚህ አካባቢ የፈረሱ ቤቶችን እየመዘገብን ነበር፤ የሚያውቁት ይኖር ይሆን?» አሏት።

ሴትዮዋ ከርከዴውን አስቀምጣ ቀና አለች። «የኔው አለልዎት» አለች። «በሰባት ዓመቱ ነው የፈረሰ። ወጣ ብዬ እመጣለሁ ብሎ ገዳሪፍ ገባ፣ እዚያው አገባ።»

ስቄ እንዳላስቀይማት ፊቴን አዞርኩ። ጋሽ አስናቀ ግን አላቋረጧትም። እስክትጨርስ ቆመው አዳመጡ፣ ጻፉም። ቀጥሎ ያገኘናቸው ሽማግሌ «ለሽምግልና ነው የመጣችሁ?» ብለው ወንበር አስመጡልን። ሦስተኛው ሰው ከፍርድ ቤት ለንብረት ክፍፍል የተላክን መስሎት ፍየሎቹን ወደ ጓሮ ነዳ። ማግስቱን በኔ ምክር «የፈረሰ» የሚለውን ትተው «የጠፋ ቤት እየፈለግሁ ነው» ማለት ጀመሩ። ሰዉ ሁሉ አዘነላቸው። አንድ ፖሊስ ክንዳቸውን ደግፎ፣ «አይዞዎት አባቴ፣ የመምህራኑ ሰፈር በዚያ በኩል ነው» እያለ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሸኛቸው።

ደብተራቸውን አንድ ቀን ገለጥኩት። ግማሹ የግንብ ቁመት፣ የበር ስፋት፣ የጡብ ዓይነት ነው። ግማሹ የሰው ትዳር ነው። «ይሄን ምን ያደርጉታል ጋሼ? አይጥሉትም?» አልኳቸው።

«እንዴት ብዬ ልጣለው? ጠይቄያቸው እኮ ነው የነገሩኝ» አሉ።

የቤቱን ውጪ ለማቆም አንድ ዓመት ፈጀ። ሽማግሌዎቹ ሰገነቱ ምን ያህል ወደ መንገዱ እንደወጣ አስታወሱ። ጡቡን ደግሞ ጋሽ አስናቀ በየሰው ግድግዳ አገኙት። ከሌላው ጡብ ቀጠንና ረዘም ያለ ነው፤ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ውስጥ አለ፣ የአንድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ውስጥ አለ፣ የአንዲት አሮጊት የዶሮ ቤት ሙሉ በሙሉ በሱ ነው የተሠራ። እየለኩ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ቤቱ ጠፋ አይባልም፣ ተበታተነ እንጂ» ይሉ ነበር። እኔ ላብ አንገቴ ውስጥ እየወረደ ሜትሩን ይዤ ቆሜ፣ ቶሎ ጨርሰው ውሃ ብንጠጣ ነበር የማስበው።

ማውስ የሚይዙት እንደ ጠመኔ ነው። እጃቸው ከሰሌዳ ሌላ አያውቅምና ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር ለማስመር መላ ሰውነታቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ግን አልተዉትም። መብራት ሲጠፋ «ይምጣና» ብለው እዚያው ይቀመጣሉ፤ ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የቤቱ በር ሲጫኑት እንዲከፈት ያስተማርኳቸው ቀን ደስታቸው ሌላ ነበር። በሩ ሲከፈት የውስጡ ሥዕል ከሌላ ፋይል እንዲመጣ ነው ያደረግነው። እናም በሩን ከመጫናቸው በፊት ጠረጴዛውን በመሃል ጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ። የሚቀልዱ መስሎኝ አየኋቸው፤ አይቀልዱም። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ገና ባዶ ነጭ ነበር። ትንሽ አይተውት መልሰው ዘጉት።

አማካሪያቸው ውጪውን አይተው ወደዱት። «ውስጡ የሌለው ቤት ግን ሳጥን ነው መምህር። ውስጡን ሳላይ አላሳልፍም» አሏቸው። ለመመረቅ የቀራቸው አንድ ክረምት ነበር። ከተማውን ሁሉ አዳረስን፤ ከነጋዴው በኋላ ቤቱን ዘግቶ ይጠብቅ የነበረ ዘበኛና ቤተሰቡ እንጂ ውስጡን የረገጠ ሰው አልተገኘም። ዘበኛው ሞቷል። ልጁ ግን አለች፣ እዚያ ቤት ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ሽንፋ ከተማ ለሠራተኞች ምግብ የምትሠራ። ይህን የነገረኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። በደስታ ሮጬ ሄጄ ስነግራቸው ጋሽ አስናቀ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አውቃታለሁ» አሉ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን እንጠብቃለን? ነገ እንሂዳ።»

«እደርሳለሁ።»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዘንድ ተመልሼ ሰውዬው ምን እንደነካቸው ጠየቅሁት። «ሚስታቸው እኮ ነበረች» አለኝ። «ቤታቸው ከፈረሰ ሃያ ዓመት አይሞላውም ብለህ ነው?»

ስንት የፈረሰ ቤት ሲመዘግቡ የራሳቸውን አልነገሩኝም። ተናደድኩ፤ ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም። ከዚያ በኋላ አላስቀመጥኳቸውም። ሻይ ስንጠጣ፣ ፈተና ስንቆጣጠር፣ ሰልፍ ላይ ስንቆም፣ «ሽንፋ መቼ ነው?» እላለሁ። ስድስት ሳምንት ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ሜትሩን በኪሳቸው ይዘው ቆመዋል። «አብረኸኝ ሂድ» አሉኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ የምለው ይጠፋኛል።»

የሰሊጥ አጨዳ ያለቀበት ወቅት ነበር። ሽንፋ ሳሉግ በሚባሉት፣ ከደጋ ለአጨዳ በሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ተሞልታለች። የሟቹ ዘበኛ ልጅ እትዬ ማንጠግቦሽ የሚሠሩት ሱዳኖቹ ራኩባ በሚሉት፣ ግድግዳ በሌለው የሣር ዳስ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ዳሱ ውስጥ ይበላሉ፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ሳህን ያጥባሉ። ጋሽ አስናቀ ዳሱ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። በር የለውም። ዙሪያውን አዩ፣ ከዚያ የዳሱን ምሰሶ በመሃል ጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

እትዬ ማንጠግቦሽ ዞር አላሉም። እጃቸው ግን ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ግባ አስናቀ» አሉ።

ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። «ማንጠግቦሽ፣ ስለ ፈረሰው ቤት ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።»

«የትኛው?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

ጋሽ አስናቀ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ሠራተኞቹ እንኳ መብላታቸውን ያቆሙ መሰለኝ። እኔ ቂሉ ዝምታውን መቋቋም አቅቶኝ ዘልዬ ገባሁ። «ሰገነቱን ነው እትዬ። ለትምህርታቸው ነው፣ ለመመረቂያ።»

ያን ጊዜ ዞረው አዩን። ፊታቸው ሰፊ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። «አሁንም ትምህርት ነው?» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አላስቀየመንም። «ተቀመጡ። እነዚህን ሰዎች አብልቼ ልጨርስ።»

ሠራተኞቹ ሲወጡ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራርቀው ወደ ግቢው ወጡ። ቤቱን በቃል አልነገሩንም፤ እየሄዱ አሳዩን። ባዶው መሬት ላይ ቆመው፣ «ይሄ በሩ ነው» አሉ፤ ጋሽ አስናቀ ድንጋይ አኖሩ። «ከበሩ እስከ ደረጃው አሥራ አራት እርምጃ ነው። በየቀኑ እቆጥረው ነበር።» ጋሽ አስናቀ ጻፉ። «ደረጃው ዘጠኝ ነው፣ ሦስተኛው ይጮኻል። እዚህ የሙጫው ክፍል፤ ሲሞቅ ይሸታል። እዚህ የውሃው ዚር፣ ትልቁ የሸክላ ጋን። ላይ ስትወጣ በግራ የኛ ክፍል፣ ስምንት እርምጃ፤ እዚህ አንገረቡ» አሉ፣ ገመድ የተወጠረበትን የሱዳን አልጋ ማለታቸው ነው። በቀኝ ያለውን ጥግ ሲደርሱ፣ «እዚህ ትንሽ ክፍል ነበረች፣ ምንም አይገባባትም፤ የኔ ነበረች» ብለው አለፉ። ጋሽ አስናቀ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ድንጋይ ያኖራሉ። ሁለቱም ግድግዳ ባለበት ሁሉ ይዞራሉ እንጂ አያቋርጡም። በሌለ በር ሲገቡ ጋሽ አስናቀ ጎንበስ ይላሉ።

ኋላ ጋሽ አስናቀ ድንጋዮቹን በሜትር ሲለኩ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ እኔ ዘንድ ተቀምጠው ከርከዴ ሰጡኝ። እያዩዋቸው ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

«ልጃችንን የማስተኛት በዚያ ቤት ወሬ ነበር። ብርቱካን ነበር ስሟ። አሥራ አራት እርምጃ፣ ዘጠኝ ደረጃ እያልኩ እወስዳታለሁ፤ ትንሿ ክፍል ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሱ አጠገባችን ደብተር ያርማል። አይሰማም ነበር። አሁን መጥቶ የሚጠይቀኝ ሳይሰማ የቀረውን ነው።» ከርከዴ ጨመሩልኝ። «ዲፕሎማውን ሊማር በየክረምቱ ይወጣል። ክረምት ደግሞ እዚህ ወባ ነው። መንገዱ ይቆረጣል፣ ወንዙ ይሞላል። ያን ዓመት አጎበር ከጎንደር ገዝቼ እልካለሁ አለኝ፤ ያኔ እዚህ አጎበር የሚሸጥ አልነበረም። ልጅቱ ታመመች ብዬ አስነገርኩበት። እደርሳለሁ ብሎ ላከብኝ። ሲል ሰምተኸዋል አይደል፣ እደርሳለሁ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«አጎበሩን በጉያው ይዞ ደረሰ። በተቀበረች በሦስተኛ ሳምንቷ።»

ጽዋውን ይዤ ወደ መሬት አየሁ። ጋሽ አስናቀ ትንሿ ክፍል ዘንድ ተንበርክከው ሜትሩን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይወጥራሉ።

ስንወጣ እትዬ ማንጠግቦሽ እስከ መንገዱ ሸኙን። «ሲያልቅ አሳየኝ» አሏቸው።

ጋሽ አስናቀ «እደር…» ማለት ሲጀምሩ እትዬ ማንጠግቦሽ እጃቸውን አነሱ። ጋሽ አስናቀ ቃሉን ዋጡት።

«አሳይሻለሁ» አሉ።

ውስጡን በሁለት ወር ሠሩት። እንደዚያ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ግን ሲያልቅ ነገሩ አልገጠመም። አሥራ አራቱን እርምጃ በትልቅ ሰው እርምጃ ቀይረውት ስለነበር ደረጃው ጓሮ ወጥቶ የሰው ግቢ ገባ፤ ክፍሎቹ አዳራሽ አከሉ። ሳስበው ስሕተቱ ገባኝና ተደስቼ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ እትዬ ሲቆጥሩት የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ እኮ። የልጅ እርምጃ ነው። በግማሽ ቢቀንሱት ልክ ይመጣል።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ እንቀንሰዋ።»

«ልጅ የቆጠረችውን እኔ አልቀንስም» አሉ። ኮስተር ብለው ስላዩኝ ደግሜ አላነሳሁትም።

አማካሪያቸውም ያንኑ አይተው፣ «ውስጡ ከውጪው ይሰፋል እኮ መምህር፣ እንዲህ ያለ ቤት የት አለ?» ብለዋቸው ኖሯል። ጋሽ አስናቀ ደግሞ፣ «እንዲህ ያልሆነ ቤት የት አለ?» ብለው መለሱ። ለጥቂት አለፉ። ከክፍሉ ዝቅተኛውን ውጤት ይዘው፣ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ጥቁር ካባ ለብሰው ተመረቁ። ፎቶው ላይ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል።

ለእትዬ ማንጠግቦሽ ግን አላሳዩም። ስጠይቃቸው «አንድ ክፍል ይቀረኛል» ይላሉ። እኔ ሳየው የቀረ ነገር የለም፤ ትንሿ ክፍል ብቻ በሯ ስትጫነው አይከፈትም። «በር ብቻ ከሆነ እኔ ልሥራልዎት» አልኳቸው። «ተው፣ እኔ ነኝ የምሠራው» አሉ። የዝውውሬ ደብዳቤ መጣ። ስሰናበታቸው ኮምፒውተሩ ላይ ነበሩ። እደውላለሁ አልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጤና አውርተን ዘጋን። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ያህል ሥራ አልነበረብኝም።

ፍላሹን ለመቀበል መተማ ወረድኩ። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በዚያ የሰሌዳ ጽሑፋቸው ስሜ ተጽፎበት፣ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። «ለማንጠግቦሽ አድርስልኝ» ይላል። ቤታቸውን አየሁት፤ ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ የተማሪ ደብተር ክምሩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ግን አንኳኩቼ ነው የገባሁት። እዚያ ነው ያለቀስኩት።

ሽንፋ ስደርስ እትዬ ማንጠግቦሽ ጥቁር ለብሰው በራኩባው ጥላ ተቀምጠዋል። ተፈትተው ሳለ ለቀድሞ ባላቸው ጥቁር በመልበሳቸው አንዳንዱ ሰው ያማቸው እንደነበር ዘበኛው ነግሮኛል። ላፕቶፑን ሰሊጥ ማራገፊያ ሳጥን ላይ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባትሪው ብዙ አይቆይምና ቶሎ ከፈትኩት። ሰገነቱ ወጣ፣ ጡቡ፣ የእንጨት ምሰሶዎቹ።

«ነው» አሉ። «እሱ ነው።»

ጠረጴዛ ስለሌለ ሳጥኑን ኳ ኳ አድርጌ በሩን ተጫንኩት። ተከፈተ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉኝ፤ እርምጃ እየቆጠሩ ነበር። የሙጫውን ክፍል አለፍን፣ ዚሩን አለፍን። ደረጃው ላይ ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ትንሽ ፈገግ አሉ። «እንደዚህ ሰፊ ነበር» አሉ። «ሰዎች ሲነግሩኝ ጠባብ ነበር ይሉኛል። እንደዚህ ነበር እንጂ።» ልክ አለመሆኑን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ልክ እንዳልነበረ የሚያውቁ ይመስለኛል።

ላይ ወጣን። በቀኝ ጥግ ትንሿ ክፍል። እንደማትከፈት ስለማውቅ ላልፋት ነበር፤ እሳቸው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ተጫንኩት። ተከፈተ።

ውስጥ አንድ አንገረብ አለ። በቤቱ ካለው ሌላ ዕቃ ሁሉ ይህ ያንሳል፤ የልጅ ነው። በላዩ ላይ ከጣሪያው ተሰቅሎ፣ አራቱም ማዕዘኑ ከፍራሹ ሥር በደንብ የተከተተ፣ ነጭ አጎበር ተዘርግቷል። እያንዳንዱ የአጎበሩ ቀዳዳ በእጅ ተሥሏል፤ ከሺህ በላይ መስመር፣ በዚያ እንደ ጠመኔ በሚይዙት ማውስ። ያ ቤት ቆሞ በነበረበት ዘመን አጎበር የሚባል ነገር አገሩ አያውቅም። የሌለ ነገር ነው ብዬ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ለማን ነው የማስረዳው ብዬ ተውኩት።

እትዬ ማንጠግቦሽ ለረጅም ጊዜ አዩት። አላለቀሱም። ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን ላፕቶፑ ይነግረኝ ጀመር። ልዘጋው እጄን ስሰድ ክንዴን ያዙኝ።

«ዝም ብለህ አታጥፋው» አሉ። «መጀመሪያ በሩን ዝጋላት፣ ቢንቢ ይገባል።»

በሩን ዘጋሁት።